ትልቅ ድርብ አልጋ ልብስ በእጅ ለጊዜው ሲያያዝ ገበሩ እንዳይታጠፍ ምን ይደረግ?

የማርቆስ ክር (ደብረ ማርቆስ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ ያለቀ የአልጋ ልብስ ፊት አለኝ፤ ልኩ 2 ሜትር ከ40 በ2 ሜትር ከ50 ነው። ከመሐል ያረጀ ጋቢ፣ ከሥር የአቡጀዲ ገበር ይገባል። የመጨረሻውን ስፌት በእጅ ስለምሰፋው፣ ከዚያ በፊት ሦስቱን ድርብ ለጊዜው በረጃጅም ስፌት መያዝ አለብኝ። ችግሩ ይኸውላችሁ፦ ከላይ ሲያዩት የተስተካከለ ይመስላል፣ ሲገለበጥ ግን ገበሩ ሁለት ሦስት ቦታ ታጥፎ ተሰፍቶ ይገኛል። ሥራው መፍታትና እንደገና መስፋት ብቻ ሆነ።

ወለሉ ሊሾ ነው፤ ዕቃው ከወጣ 3 በ3 ሜትር ተኩል ክፍት ቦታ ይገኛል። ከየት ልጀምር? በረድፍና በረድፍ መካከል ስንት ልተው? ክሩስ ስንት ሜትር ይበላል? ጋቢው ደግሞ በአንድ ወገን 40 ሳንቲም ያህል ያንሳል። ከሌላ ጋቢ ቆርጬ ልቀጥልበት አስቤያለሁ፤ አቀጣጠሉን የምታውቁ ንገሩኝ።

ሰፊው ከቡሬ፦

እህቴ፣ ገበሩ የሚታጠፈው ወለሉ ላይ ሳይያዝ ስለሚሰፋ ነው። ሁለተኛው ምክንያት እጅ ነው፤ መርፌውን ለመቀበል እጅሽ ከሥር በገባ ቁጥር ገበሩ ይነሣል፣ ተመልሶም በቦታው አይተኛም። እነዚህ ሁለቱ ከተስተካከሉ ሌላው ትዕግሥት ብቻ ነው።

ገበሩ ከፊቱ በየጎኑ 10 ሳንቲም ይብለጥ። ላንቺ 2.60 በ2.70 ማለት ነው። አቡጀዲ በአንድ ስፋት ይህን አይሞላም፣ መቀጠሉ አይቀርም። የቀጠልሽበት ስፌት ግን የአልጋ ልብሱ እኩሌታ ላይ እንዳይውል፤ ልብሱ ሲታጠፍ ሁልጊዜ እዚያው ላይ ይታጠፍና ቶሎ ያልቃል። ስፌቱን ወደ ግራና ቀኝ ከፍተሽ ተኩሺው፣ ወደ አንድ ወገን ካጋደልሽው ጉብ ይላል። አቡጀዲውን ከመቁረጥሽ በፊት በሙቅ ውሃ እጠቢ። አዲስ አቡጀዲ ሙጫ አለው፣ ይሰበሰባልም። ሳይታጠብ ከገባ መጀመሪያ በታጠበ ዕለት ገበሩ ብቻውን ተሰብስቦ ፊቱን ያኮማትረዋል። የምትተኩሺው በከሰል ካውያ ከሆነ አመዱን ውጭ አራግፈሽ ግቢ፤ ነጭ ገበር ላይ አመድ ከወደቀ እንደገና ማጠብ ነው።

ወለሉን ጥረጊ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውይ፣ ይድረቅ። አቧራ ካለ ፕላስተር አይዝም። ገበሩን ፊቱን ወደ ወለሉ አድርገሽ ዘርጊና በወረቀት ፕላስተር ያዢው። ቅደም ተከተሉ አለው፦ መጀመሪያ የራስጌውን መሐል፣ ከዚያ የግርጌውን መሐል፣ ከዚያ የግራውን፣ ከዚያ የቀኙን። ቀጥለሽ ከየመሐሉ ወደ ማዕዘን በየ30 ሳንቲሙ፣ አንዱን ጎን ስትይዢ ተቃራኒውን እያስከተልሽ። ማዕዘኖቹ መጨረሻ ይሁኑ። ማዕዘን ቀድሞ ከተያዘ ጨርቁ በሰያፍ ይሳባል፤ ጨርቅ በድሩም በማጉም ብዙ አይለጠጥም፣ በሰያፍ ግን እንደ ላስቲክ ነው።

አወጣጠሩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መዳፍሽን ዘርግተሽ ጨርቁን ስትገፊው ከእጅሽ ፊት ሽብሽብ ካልሠራ፣ ፕላስተሩም ካልተላቀቀ ልክ ነው። እንደ ከበሮ ከወጠርሽው ፕላስተሩ የተነሣ ዕለት ገበሩ ወደ ልኩ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ የሚጨማደደው ፊቱ ይሆናል። ከላላ ደግሞ ያው ያልሽው እጥፋት ይመጣል።

ጋቢውን አራት አጥፈሽ የእጥፋቱን ማዕዘን የገበሩ መሐል ላይ አሳርፊና ግለጪው። ከመሐል ወደ ዳር በመዳፍ ዳብሺው፣ አትጎትቺው። ፊቱንም እንዲሁ። ፊቱ ከመዘርጋቱ በፊት ተተኩሶ ያለቀ ይሁን፣ ከዚህ በኋላ መተኮስ የለም። ከጀርባው የተንጠለጠለ ጥቁር ወይም ቀይ ክር ካለ አሁኑኑ ቁረጪ፤ በነጩ ቁራጭ ሥር ቆይቶ ያሳያል፣ ያን ጊዜ ማውጫ የለውም።

መርፌው ረጅምና ቀጭን፣ 6 ሳንቲም ግድም። የጆንያ መርፌ አይሆንም፣ ቀዳዳ ጥሎ ይሄዳል። ክሩ ነጭ የጥጥ ክር ይሁን። ባለቀለም ክር ቀለሙን ጨርቁ ላይ ሊተው ይችላል። ፖሊስተር ደግሞ ጠንካራ ነው፤ ሲወጣ ከያዘው ቦታ አልበጠስ ብሎ ጨርቁን ይተረትራል። ለዚህ ሥራ ደካማ ክር ነው የሚሻለው።

3 ሜትር ክር ቁረጪ። መሐል ላይ መርፌውን አስገብተሽ ግማሹን ብቻ ሳቢ፣ ሌላው ግማሽ ሳይቋጠር እዚያው ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ወደ ራስጌ ሰፍተሽ ከጨረስሽ በኋላ ተመልሰሽ የቀረውን መርፌው ላይ አግቢና ወደ ግርጌ ስፊ። መሐል ላይ ቋጠሮ አይኖርም፣ ክሩም እጅሽ ላይ ያለው 1 ሜትር ተኩል ብቻ ስለሆነ አይተበተብም። ቀጥሎ በመሐሉ ከግራ ወደ ቀኝ፤ መስቀል ሠራሽ ማለት ነው። ከዚያ ከመስቀሉ ወደ ውጭ በየ10 ሳንቲሙ፣ አንዴ በዚህ ወገን አንዴ በዚያ። ከዳር ወደ መሐል ከተሰፋ ትርፉ ጨርቅ መውጫ አጥቶ መሐል ላይ ይከማቻል። ከመሐል ሲጀመር በየረድፉ ወደ ዳር እየተገፋ ይወጣል። መፈተኛው ጭብጥሽ ነው፦ የትም ስታሳርፊው ክር መንካት አለበት።

የስፌቱ ርዝመት ከላይ 4 ሳንቲም፣ ከሥር 1 ሳንቲም። መርፌው ሊሾውን ነክቶ ሲመለስ በግራ እጅሽ የሻይ ማንኪያ ያዢና ጠርዙን ጨርቁ ላይ ተጫኚ፤ የመርፌው ጫፍ ማንኪያው ላይ ወጥቶ ይቀመጣል፣ ቀና ስታደርጊው ራሱ ይነሣል። በጥፍር ለማንሣት የሞከረ ሰው ከሃያ ስፌት በኋላ ጣቱ ይደማል፣ ደሙም ጨርቁ ላይ ይቀራል።

ረድፉ ሲያልቅ አትቋጥሪ። ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ መልሰሽ ስፊና 5 ሳንቲም ጭራ ተዪ። መሐሉ ላይ ለመድረስ ጨርቁ ላይ መንበርከክሽ አይቀርም፤ ጉልበትሽን እያነሣሽ ጣዪ እንጂ አትንፏቀቂ። መንፏቀቅ ፊቱን ከጋቢው ላይ ያንሸራትተዋል።

ባዘቶ (ዳንግላ)፦

ሰፊው ያሉት ሁሉ ደህና ነው። ስለ ጋቢው ግን ልጨምር።

ጋቢ አራት ድርብ ነው። ከፊቱና ከገበሩ ጋር ስድስት ይሆናል። ለጊዜው መያዙ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ በኋላ በትንንሹ ስትሰፊ ግን መርፌሽ ይታጠፋል፣ ስፌቱም ከላይና ከሥር እኩል አልሆን እያለ ያስቀይማል። ስለዚህ ሌላ ጋቢ ከመቁረጥሽ በፊት ይህንኑ ጋቢ ዳር ዳሩን የያዘውን ስፌት ፈትተሽ ግለጪው። በሁለት ድርብ ይሆንልሻል፣ ስፋቱ በእጥፍ ያድጋል፣ የጎደለው 40 ሳንቲምም ከዚያው ይወጣል። ሙቀቱ አነሰ እንዳትዪ፤ ከፊቱና ከገበሩ መካከል የሚታሰረው አየር አለ። የጮቄን ግርጌ ውርጭ አይችልም ከተባለ ከላዩ ብርድ ልብስ ይደረብበታል።

ጥለቱን ቆርጠሽ አውጪ። ሽመናው ከሌላው ይጠብቃል፣ ቀለሙም በነጭ ጨርቅ ሥር ይታያል። የተቆረጠው ጫፍ ወዲያው ስለሚተረተር፣ ከመቁረጥሽ በፊት ከመቁረጫው መስመር ግራና ቀኝ አንድ አንድ ረድፍ ስፌት አሳልፊ።

መቀጠሉ ግድ ከሆነ ጫፍና ጫፉን አታነባብሪ። ከተነባበረ ልብሱ ላይ እንደ ገመድ ያበጠ መስመር ይወጣል፣ ያ ቦታም ቀድሞ ይነጫል። ጫፍ ለጫፍ አግጥመሽ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በሰያፍ እየተሻገርሽ፣ ከየጫፉ 1 ሳንቲም ተኩል ገብተሽ ስፊ። ክሩን አታጥብቂ፤ ከጠበቀ ሁለቱ ጫፎች ተገፋፍተው እንደ ጣሪያ ክፈፍ ይነሣሉ።

ጋቢውንም በሙቅ ውሃ እጠቢና ፀሐይ ላይ አድርቂ። የጭስ ብጫ ካለበት ከነጭ ፊት ሥር ያስታውቃል፣ ጥቁር ወይም ደማቅ ፊት ከሆነ ግን ግድ የለም።

ጋቢ የሌላችሁና በተነደፈ ጥጥ የምትሞሉ፣ ለዚህ ልክ ከ1 ኪሎ ተኩል እስከ 2 ኪሎ ይበቃል። ፍሬው በደንብ ተለቅሞ ይውጣ፤ ፍሬ ዘይት አለው፣ ሲጨፈለቅ እድፍ ይተዋል። ልቅ ጥጥ ግን እንደ ጋቢ ራሱን አይዝም። በሻሽ ጨርቅ መካከል ተዘርግቶ ነው የሚገባው፣ ረድፉም ከ7 ሳንቲም መብለጥ የለበትም፤ አለዚያ ሦስተኛ እጥበት ላይ ጥጡ ሁሉ ግርጌ ላይ ተሰብስቦ ይገኛል። ከሱቅ የሚገኘው የተጠቀለለ ፋይበር ሌላ ጠባይ አለው፦ ይንሸራተታል፣ ካውያም ከነካው ይቀልጣል።

የማርቆስ ክር፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁንም። ጋቢውን መግለጥ ከቶ አላሰብኩትም ነበር።

ጋሼ፣ ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። ክሩን ሳሰላው 50 ረድፍ በ3 ሜትር 150 ሜትር መጣልኝ፣ ልክ ነው? ደግሞ ወለል ላይ ይህን ያህል ሰዓት መንበርከክ የሚቻል አይመስለኝም፤ ጠረጴዛ ላይ ይሆናል? የቤት ፈትልስ ለዚህ አይሆንም ወይ?

ሰፊው ከቡሬ፦

ስሌቱ ልክ ነው። የ200 ሜትር ጥቅል ካገኘሽ ተርፎ ይገባል። ሰዓቱንም ካነሣሽ፣ ከላይ 4 ከሥር 1 ሳንቲም ሲሰፋ በጠቅላላው 2,500 ጊዜ ያህል መርፌ መውጋት ነው። በአንድ ቀን ጨርሺው አልልሽም። ግን ፕላስተሩ ሳይነሣ መስቀሉና ከመስቀሉ አራት አራት ረድፍ ግራና ቀኝ በአንድ ቀን ይለቁ።

ፈትል አይሆንም። ውፍረቱ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ጉጡ ቀዳዳው ላይ ይያዛል፤ ሲወጣም የጋቢውን ጭረት ይዞ ወደ ፊቱ ያወጣዋል።

ጠረጴዛ ይሆናል፤ እንዲያውም ለወገብ ደግ ነው። ጠረጴዛሽ 80 በ1.20 ይሁን። መሐሉ ላይ አንድ ስንጥር በፕላስተር ለጥፊ፤ ጨርቁ ከተዘረጋ በኋላ በእጅሽ ስትዳብሺ ስንጥሩ ያለበትን ታውቂዋለሽ፣ የሦስቱንም ድርብ መሐል እዚያ ላይ ታገጥሚያለሽ። ገበሩን ዘርግተሽ በአራቱም ጎን በልብስ መቆንጠጫ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ያዢ። የሚንጠለጠለው ትርፍ በክብደቱ ራሱ ይወጥረዋል። ጋቢውን፣ ከዚያ ፊቱን፣ ከዚያ እንደ ወለሉ ከመሐል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሲያልቅ መቆንጠጫውን ሁሉ ፍቺና ጨርቁን አዙሪ።

ጥፋት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ካዞርሽ በኋላ ፊቱንና ጋቢውን ገልጠሽ ገበሩን እንደገና ዳብሰሽ ወጥሪው፣ ያዢው፣ ከዚያ መልሰሽ አልብሺው። ይህን ዘሎ በቀጥታ የሰፋ ሰው እጥፋቱን የሚያገኘው ሁልጊዜ ሁለተኛው ገበታ ላይ ነው። የሚንጠለጠለው ደግሞ ወለሉን እንዳይነካ ወንበር አስጠጊበት፤ በአንድ ወገን ብቻ ከከበደ ሁሉንም ይዞ ይንሸራተታል።

አጣና (እንጅባራ)፦

ክፍሉ ጠባብ ለሆነበት ሌላ መንገድ አለ። ሸማኔ ድሩን ጠቅልሎ እየፈታ እንደሚሠራው ማለት ነው።

ሁለት ቀጥ ያሉ፣ የተላጡና የደረቁ የባሕር ዛፍ አጣናዎች፣ 2.80 ሜትር ርዝመት። ውፍረታቸው የክንድ ያህል፣ ጉጣቸው የተላገ። እርጥብ አጣና አይሁን፤ ይጎብጣል፣ ጭማቂውም ጨርቅ ያበላሻል። ለማንኛውም በንጹሕ ጨርቅ ይጠቅለሉ።

ገበሩን ፊቱን ወደ ታች፣ የላይኛውን ጨርቅ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ፣ እያንዳንዱን ለብቻው ከሩቁ ጫፍ ወደ ራስ መጠቅለል ነው፤ 30 ሳንቲም እስኪቀር። መጀመሪያ የጨርቁ ጫፍ ከአጣናው ጋር በትክክል እኩል ይያያዝ፣ በመርፌ ቁልፍም በስፌትም። እዚህ ላይ አንድ ሳንቲም ከተዛባ መጨረሻው ላይ አራት አምስት ሳንቲም ሆኖ ይወጣል። ከዚያ የገበሩን 30 ሳንቲም ረጅም አግዳሚ ላይ ወይም ሁለት ገጣጥሞ በተቀመጠ ጠረጴዛ ላይ መዘርጋት፣ ጋቢውን ከላዩ፣ የላይኛውን ጨርቅ ከዚያ በላይ። የጋቢው ትርፍ በሁለቱ ጥቅሎች መካከል ታጥፎ ይቀመጣል። የተዘረጋውን ዳብሶ መስፋት፣ ሁለቱንም አጣናዎች አንድ ዙር መፍታት፣ የተሰፋውን ወደ ራስ ስቦ መቀጠል።

በዚህኛው ከዳር ነው የሚጀመረው። ከመሐል መጀመር ያስፈለገው የላላ ጨርቅ እንዳይከማች ነበር፤ እዚህ ትርፉን አጣናው ላይ ያለው ጥቅል ይዞታል። ረድፉም በሁለት አቅጣጫ መሆን የለበትም፤ ወርድ ለወርድ ብቻ፣ በሰያፍ ስፌት፦ መርፌው 2 ሳንቲም ተኩል ወደ ጎን ይነክሳል፣ ክሩ ከላይ በሰያፍ 4 ሳንቲም ይወርዳል። ይህ ስፌት ወደ ጎንም ወደ ፊትም ይይዛል። ክሩን ግን ከተራው ስፌት ወደ እጥፍ የሚጠጋ ይበላል።

ሰፊው ከቡሬ፦

አጣናው ጥሩ ነው፣ ረዳት ካለ። ብቻውን ለሚሠራ ሰው ግን 2.80 አጣና ከሁለት ጫፍ እኩል ማዞር ከባድ ነው፤ አንዱ ወገን ይቀድምና ጥቅሉ ይጠማዘዛል። አግዳሚውም ከሌለ ያው ወለል ላይ ነው መመለሻው።

ዳሞት መርፌ (ፍኖተ ሰላም)፦

በ10 ሳንቲሙ ልከራከር። መሐሉ ፋይበር ወይም ልቅ ጥጥ ከሆነ እሺ። ጋቢ ግን የተሸመነ ነው፤ ሻካራነቱ ራሱ ፊቱንና ገበሩን ይዞ ያስቀራል። በ15 ሳንቲም ቢሰፋ ይበቃል። 2,500ው ወደ 1,700 ይወርዳል።

ብዙ መርፌ ቁልፍ ያለው ሰውም በሱ ሊይዘው ይችላል። በየ15 ሳንቲሙ ከሆነ 270 ያህል ይፈልጋል፣ በየ10 ከሆነ 600። ይህ የሚመቸው ግን የመጨረሻው ስፌት በመኪና ሲሆን ነው፤ የመኪናው ጨርቅ መጫኛ የእጁን ረጃጅም ስፌት እየነከሰ ስለሚያስቸግር። በእጅ ለሚሰፋ ክሩ በየመርፌ ቁልፉ ይጠመጠማል፣ ልብሱም ይከብዳል። ክረምት ላይ ደግሞ ርካሹ መርፌ ቁልፍ ይዝጋል። የዝገት እድፍ በሳሙና አይለቅም።

ሰፊው ከቡሬ፦

በመኪና በሁለት ቀን ለሚያልቅ ልብስ 15 ይበቃል፣ እስማማለሁ። በእጅ የሚሰፋ ግን ወራት ይፈጃል። በየማታው ይገለጣል፣ ይታጠፋል፣ ጭን ላይ ይጎተታል፣ ክሩም እየተበጠሰ ይሄዳል። 10 ብዬ የምለው ግማሹ እስኪበጠስ ስለማውቅ ነው። ጠርዙ ላይ ደግሞ እንዲያውም ይጥበቅ፤ ከጫፉ ግማሽ ሳንቲም ገብቶ ዙሪያውን አንድ ረድፍ፣ በ2 ሳንቲም ስፌት።

ባዘቶ (ዳንግላ)፦

ጠርዙ ከተነሣ፦ ያ 10 ሳንቲም ትርፍ ገበር እንዲሁ ተንጠልጥሎ አይቅር። ሁለት ጊዜ ወደ ፊቱ አጥፈሽ፣ የጋቢውን ጫፍ ሸፍነሽ፣ በረጅም ስፌት ለጊዜው ያዢው። የጋቢ ጫፍ ከተጋለጠ በየቀኑ እየተፈታ ነው የሚሄደው፤ ልብሱ ሲያልቅ ጠርዙ ውስጥ የሚገባ ነገር አይተርፍም። የመጨረሻውን ጠርዝ ስትሰፊ ትፈቺዋለሽ።

ስትፈቺም ከአንድ ጫፍ ይዘሽ 2 ሜትር ተኩል ክር አትጎትቺ፣ ፊቱ ይሸበሸባል። በየአራተኛው ስፌት ላይ በመቀስ ቁረጪና አጫጭሩን እየመዘዝሽ አውጪ። የመጨረሻውን ስፌት ከመሐል ጀምረሽ ከሆነ የምትሠሪው፣ ያለቀውን ብቻ ነው የምትፈቺው። ሁሉንም በአንዴ አይደለም።

የማርቆስ ክር፦

ጋቢውን ፈትቼ ለካሁት፤ በሁለት ድርብ 2.60 ይሞላል፣ ከርዝመቱም ይተርፋል። ወለሉ ላይ ነው የምሠራው፣ በ10 ሳንቲም። ፕላስተሩ ሳይነሣ ገበሩ መታጠፍ አለመታጠፉን ማወቂያ ይኖር ይሆን? ከተነሣ በኋላ ማየት እኮ ዘግይቷል።

ሰፊው ከቡሬ፦

አለ። የመጀመሪያው መስቀል እንዳለቀ አንዱን ጎን ብቻ ፕላስተሩን አንሥተሽ እስከ መሐሉ ገልብጠሽ እዪ። እጥፋት ካለ ያኔ የሚፈታው አንድ ረድፍ ነው። መልሰሽ ያዢው፣ ቀጥዪ። ከዚያ በኋላ ዓይንሽን ጨፍነሽ በመዳፍሽ በየረድፉ መካከል ተጭነሽ ሂጂ፤ ታጥፎ የተኛ ገበር በጋቢ ውስጥም ቢሆን እንደ ጠፍጣፋ ገመድ ለእጅ ይታወቃል። ካገኘሽው በእጥፋቱ ላይ ያለፉትን ስፌቶች ብቻ ቆርጠሽ፣ ትርፉን በሚቀርበው ዳር በኩል አስወጪና ያችን ቦታ በአዲስ ክር ስፊ። ሙሉውን ረድፍ አትፍቺ።

ከመሐሉ ክፍል በኋላ ሌላው ለነገ የሚያድር ከሆነም ልብሱን አትጠፊው። ፊቱን ወደ ውጭ አድርገሽ አጣና ላይ ወይም ሰሌን ላይ ጠቅልለሽ አቁሚው።